ማዘር ምን ልሙላ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ የሰው ደብዳቤ ግን ስጽፍ ነው የምውለው፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ማመልከቻ በሉት ሲቪ በሉት የኪራይ ውል በሉት የዕድር ጥሪ በሉት ሁሉንም እጽፋለሁ። ከኔ ሱቅ አለፍ ብሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላለ ግማሹ ደንበኛዬ ተማሪ ነው፣ ዎርክሺት ኮፒ የሚያስደርግ አለ፣ ጉርድ ፎቶ የሚያስወጣ አለ፣ ምንም ሳይገዛ ዝናብ ተጠልሎ የሚሄድም አለ። ስጀምር "ሲስ" ነበር የሚሉኝ አሁን "ማዘር" ሆኛለሁ፣ ይሁን ይቅር ብያቸዋለሁ።

ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርስቲ ምርጫ ሙሉ የተባለ ሰሞን ሱቄ መቆሚያ የለውም። ልጆቹ በስልካቸው መሙላት ይችላሉ እኮ፣ ግን ያው ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ተሳስቼ ሌላ ነገር ብነካስ ብለውም ይፈራሉ፣ ስለዚህ እኔ ጋ ይመጡና ተራቸው ሲደርስ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "ማዘር ምን ልሙላ?" እኔን! መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዛ ሳየው የምራቸውን ነው። የሚመርጡበት ምክንያት ሁሉ ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም፣ የቱ ከተማ አይሞቅም፣ የቱ ቅርብ ነው፣ የቱ ጋ ሰላም ነው ይሉኛል (ሰላሙንስ ይጠይቁ፣ እኔም እናት ነኝ እጠይቃለሁ)። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ የጓደኛውን ስክሪንሾት አሳየኝና "እንደዚህ አርገሽ ገልብጪልኝ" አለኝ፣ ከአንደኛው ምርጫ እስከ መጨረሻው። ቆይ አንተ ምን መማር ነው የምትፈልገው ስለው "እሱማ ግቢ ከገባን በኋላ አይደል እንዴ የሚታሰበው" ብሎኝ አረፈው።

ልጁ አልዋሸም። ዩኒቨርስቲ ሲገቡ መጀመሪያ የሚወስዱት ፍሬሽማን ኮርስ ነው፣ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዛ በኋላ በውጤት ውድድር ነው። ግን እኮ ግማሹ ምርጫ አልቆ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ያለቀው 10ኛ ክፍልን ጨርሰው ናቹራል ወይ ሶሻል ብለው ምልክት ያደረጉ ቀን ነው። ሶሻል የገባ ልጅ ኋላ ላይ ልቡ ተመልሶ ኢንጂነር ልሁን ነርስ ልሁን ቢል መመለሻ የለውም። እና ያቺ ምልክት እንዴት እንደምትደረግ ልንገራችሁ፣ ፎርሙን ኮፒ የማደርገው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ጠዋት አንድ ገጽ ወረቀት ይመጣል፣ በደርዘን በደርዘን ይባዛል፣ ከሰዓት ተሞልቶ ይሰበሰባል። አለቀ። ቤት እንኳን አይደርስም። ጎበዝ የተባለው ናቹራል፣ ሒሳብ የሚፈራው ሶሻል፣ ጓደኛ ያለው ደሞ ጓደኛው የሄደበት። ሶሻል የሰነፍ ነው የሚባለው ነገር መቼ እንደሚቀር አላውቅም፣ አካውንቲንጉንም ሕጉንም ማን ሊማረው ነው ታዲያ፣ ደሞም ከሒሳብ ሸሽቶ ኢኮኖሚክስ የሚገባውን ልጅ አስቡት፣ እዛ ሄዶ ሒሳብ ሲጠብቀው።

አምና አንዲት ጸጥ ያለች ልጅ መጣች፣ ማለፊያውን አምጥታለች፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፣ "አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲን አንደኛ አርጊልኝ" አለችኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ ነው፣ ልጁ ራሱ ያመለክታል፣ የዩኒቨርስቲውን መግቢያ ፈተና ይፈተናል። እሷ ይሄን አልሰማችም። እኔም በሰዓቱ አላወቅኩም፣ ሌላ ደንበኛ ሲያወራ ነው የሰማሁት፣ ደውዬ ስነግራት ማመልከቻው አልፏል። ስልኩን ይዛ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ። ሌላ ከተማ ተመድባ ሄደች፣ ደህና ናት፣ ለበዓል ስትመጣ ሰላም ትለኛለች፣ ግን እቺ ልጅ ሰነፍ ሆና አይደለም እኮ፣ ትምህርትም አልቀረባትም፣ የቀረባት አንድ ሰው ቀኑን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው።

ማለፊያ ካልኩ አይቀር ቁጥሩን ላንሳው። 12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደሞ 8.4 በመቶ ነው፣ የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤት ሊናገሩ የሚቀርቡ ቀን ሰፈራችን ኳስ ጨዋታ ያለ ነው የሚመስለው፣ ሁሉም ቤት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ። ኩረጃው መቅረቱን እኔ አልቃወምም፣ በቴሌግራም የተለቀቀ "መልስ" ፕሪንት አርጊልን እያሉ ሲመጡ ስንቱን ነው ያባረርኩት። ጭንቀቴ ሌላ ነው። ከመቶ ልጅ ስምንቱ አለፈ ስንል የቀሩት ዘጠና ምናምኑ ምን አስበው ነበር? ምንም። ዕቅዱ አንድ ብቻ ነበር፣ ማለፍ። ጥቂቱ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባል፣ ሌላው ሁለት ወር ቤት ይተኛና እኔ ጋ ሲቪ ሊያጽፍ ይመጣል። የ18 ዓመት ልጅ ሲቪ ላይ ምን ይጻፋል? "ትጉህ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ" ብለን እንጨርሰዋለን። አንዳንዱ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ኮርስ በስልኩ ተምሮ ሰርተፊኬቱን ፕሪንት አስደርጎ ላሚኔት ያስደርጋል፣ ጎበዝ እላለሁ፣ ግን ቀጥሎ ምን ልታደርግ ነው ስለው ላሚኔቱን ያየዋል።

እኔ ራሴ ከነሱ አልሻልም ነበር። በኛ ጊዜ 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ነበረ። ለፕሪፓራቶሪ አልበቃሁም፣ ቴክኒክና ሙያ ተመደብኩ፣ 10+2 ሴክሬታሪያል ሳይንስ። ስንት አመጣሽ የሚለኝን ፈርቼ በጓሮ ነበር የምዞረው፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ለጎረቤት "ኮሌጅ ገብታለች" ትል ነበር፣ የምን ኮሌጅ እንደሆነ ሳትናገር። ታዲያ ዛሬ ሁለት ልጅ የማሳድገው በዛችው ታይፕ ነው፣ ኪቦርዱን ሳላይ አማርኛም እንግሊዝኛም እጽፋለሁ፣ ዲግሪ ያለው ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ግን መርጬው አይደለም፣ የተረፈ ቦታ ላይ ነው የተጣልኩት፣ እዛው ኮሌጅ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ እንኳን አልጠየቅኩም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ቢያንስ ጎን ለጎን ብማር ኖሮ ሱቅ በከፈትኩበት ዓመት ትርፌን ከኪሳራዬ ሳልለይ አልከርምም ነበር። ያኔ ባለቤቴ "ገንዘቡ የት ሄደ" ሲለኝ "ወረቀት ተገዛበት" ነበር መልሴ፣ ሁልጊዜ ወረቀት።

አሁን ደሞ ቴክኒክና ሙያ ደረጃ 1 ደረጃ 2 እየተባለ ነው የሚሄደው፣ ሲኦሲ ተፈትኖ ብቃቱን ማሳየት አለበት። ተግባረ ዕድ፣ ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ንፋስ ስልክ፣ ስማቸውን ልጆቹ ያውቁታል። ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን አያውቁም። "የወደቀ የሚሄድበት" ነው የሚሉት፣ ከኛ ነው የሰሙት፣ ከማን ሊሰሙ። ቤታችን ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ያንን የወደቀውን ልጅ ነው እየለመንን የምንጠራው፣ ሲመጣም በቀጠሮው አይመጣም ምክንያቱም ሥራ በዝቶበታል፣ ሒሳቡን ሲነግረን ደሞ እናፈጣለን።

ሰፈራችንን እዩት እስቲ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ከ2003 ጀምሮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው ያለው። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከኛው ነው። ቂሊንጦ የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲገቡበት ተብሎ የተሠራ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ (ልጆቹ ቂሊንጦ ሲባል ትዝ የሚላቸው ማረሚያ ቤቱ ብቻ ነው)። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲሄድ ሲመለስ ይውላል፣ ልጆቹ አቧራውን እየበሉ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሱት። እና እስቲ ከዚህ ሁሉ መኪና ጀርባ ምን ምን ሥራ አለ ብዬ አንድ ቀን አራት ልጆች ጠየቅኩ፣ ሦስቱ ሹፌር አሉ፣ አንዷ ረዳት አለች። ትራንዚተር የሚባል ሰው አንዱን ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ስንት ወረቀት እንደሚያዞር እኔ አውቃለሁ፣ ወረቀቱን እኔ ነኝ ስካን የማደርግለት። መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ የክኒኑን ጥራት እንደሚመረምር ቢያውቁ ያ የኬሚስትሪ ዎርክሺት ሌላ ነገር በመሰላቸው። ዩኒቨርስቲውን ደሞ ባጥሩ ያውቁታል እንጂ አይገቡበትም። ብዙዎቹ የዩኒቨርስቲ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት 12ኛ ክፍልን ሊፈተኑ ሲሄዱ ነው፣ ተፈትሸው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ሆዳቸው እየጮኸ። እንደዛ ሆኖ የገባበትን ግቢ ማን ይወደዋል።

የእህቴ ልጅ ደሞ አለ። ጎበዝ ነበር፣ ጎበዝ ስለሆነ ናቹራል፣ ናቹራል ስለሆነ ኢንጂነሪንግ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። ልጁ ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ቤት ነው የሚስለው፣ የሰው ቤት ሲገባ ግድግዳ ይለካል፣ ይሄ በር እዚህ ጋ መሆን አልነበረበትም ይላል፣ እንግዳ ቤት ሄደን ያሳፍረናል። ዩኒቨርስቲ ገብቶ ፍሬሽማኑን ጨርሶ አርክቴክቸርን አንደኛ ሞላ። የሥዕል ፈተና እንዳለው የሰማው ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አላለፈም። ዝርዝሩ ላይ ባዶ እንዳይሆን ብሎ ከታች ያስቀመጠው ዲፓርትመንት ደረሰው፣ ለዓመታት የማይወደውን ተማረ። መጨረሻ ላይ ደሞ ከ2015 ጀምሮ የመጣው ኤግዚት ኤግዛም አለ፣ በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። ዲግሪውን ሊያወጣ ሲል ኮስት ሼሪንጉ (የትምህርት ወጪ መጋራቱ) መጣ፣ በየዓመቱ ፈርሞበታል እኮ፣ እህቴ ግን እስከዛን ቀን ድረስ መንግሥት በነጻ ያስተማረላት ነበር የሚመስላት፣ "የምን ዕዳ ነው ልጄ ምን አጠፋ" ብላ እኔ ሱቅ መጥታ አለቀሰች። አሁን ምን እየሠራ ነው ብትሉኝ፣ ለአንድ የቤት ፊኒሺንግ ለሚሠራ ሰው የቤት ዲዛይን በ3ዲ ይሠራለታል። ሶፍትዌሩን የተማረው ከዩቲዩብ ነው።

መምህራኑን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ስም ጠሪ መምህሩ በዛ ደመወዝ፣ በዛ ሁሉ ተማሪ፣ ማታ ሌላ ቦታ እያስጠና የእያንዳንዱን ልጅ ዝንባሌ ይከታተል ብል ግፍ ነው። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በሩ ላይ "የምክር አገልግሎት" የሚል የተጻፈበት ክፍል አለ፣ ጽሑፉን ላሚኔት ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ወረቀት ላደርስ ሄጄ ሲከፈት ሳየው እግር የተሰበረ ወንበርና የጠመኔ ካርቶን ነው ያለበት። ወላጆቹም እኛ ነን። የኛ ምክር "ዶክተር ሁኚልኝ" ነው፣ ዶክተርነት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሳናውቅ፣ ልጅቷ ደም ስታይ እንደምትወድቅ እያወቅን። የወላጅ ስብሰባ ስንጠራም የምንጠይቀው ስንተኛ ወጣ ነው፣ ከዛ ወደ ገበያችን።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄን ነው፣ ጥያቄው ቀደም ብሎ ይምጣ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ሲቲኢ የሚባል የሙያ ትምህርት ገብቷል፣ መጽሐፉን ስባዛ አይቼዋለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን 9ኛ ሲገቡ ወሬው ይቋረጥና ናቹራል ሶሻል ሲባል ብቻ ነው እንደገና የሚነሳው። ያቺ ፎርም ቢያንስ አንድ ወር ቤት ትደር። ቤት ትደርና አባትም እናትም ይዩዋት፣ ይጨቃጨቁባት፣ ልጁ ይቀይር፣ እንደገና ይቀይር፣ እኔ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ፎርም እንደገና ኮፒ አደርጋለሁ፣ በነጻ። ትምህርት ቤቱ ደሞ አንድ መምህር መርጦ ክፍለ ጊዜ ይቀንስለትና በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄን ሥራ ብሎ ይያዘው፣ የማመልከቻ ቀኖቹን ይከታተል፣ ይለጥፍ። ልዩ ባለሙያ እስኪቀጠር እንጠብቅ ከተባለ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም አይደርሱበት።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሞቲቬሽናል ስፒከር አታምጡብን። አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ሱፍ ለብሶ፣ "ህልማችሁን ተከተሉ" እያለ ማይክ ላይ ጮኾ ሄደ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ በማግስቱ እኔ ጋ መጥተው ያው ምን ልሙላ ነው። ህልማቸውን የት ይከተሉት፣ በስንት ቁጥር ታክሲ። እኔ የምፈልገው ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ሰፈር ያለው በያጅ መጥቶ በወር ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ክረምት ሥራ እንደሚቀዘቅዝበት፣ ዓይኑን ምን እንዳመመው እንዲነግራቸው ነው። ብሎክ 40 ያለችው ነርስ ስለ ሌሊት ተረኛነት ትንገራቸው። ትራንዚተሩ ይምጣ። ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲው ሁለት ተማሪዎች ይምጡ፣ ዶርም ውስጥ ስለሚበሉት ፍርፍር ሳይሆን አንደኛ ዓመት ላይ ምን እንደከበዳቸው ያውሩ፣ ወይ ደሞ የኛ ልጆች ይሂዱና ቤተ ሙከራውን አይተው ይምጡ፣ በእግር ይደርሳል እኮ። ገንዘብ አይፈልግም ይሄ። ሻይና ዳቦ ካስፈለገ እናቶቹ አለን።

እስከዛው ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ወር አንድ ኤ3 ወረቀት ሱቄ በር ላይ ለጠፍኩና ከላይ "ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን ይሠራል?" ብዬ ጻፍኩበት፣ እስክሪብቶ በሲባጎ አሰርኩለት። መጀመሪያ ቀን ቀልደውበታል፣ "አባቴ ቀኑን ሙሉ ይተኛል" የሚል ተጻፈ፣ "እናቴ አለቃ ናት" የሚልም አለ፣ ልቤን ደስ አለኝ። በሳምንቱ ግን ወረቀቱ መሙላት ጀመረ። የጎማ ሥራ፣ ላብ ቴክኒሺያን፣ የከብት ሐኪም፣ የክሬን ኦፕሬተር፣ ልብስ ስፌት፣ ሰርቬየር፣ የዶሮ እርባታ፣ የመኪና ሚዛን ጣቢያ ሠራተኛ። አንዱ ልጅ ከ"ሰርቬየር" ጎን በቀይ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ጻፈ፣ በሁለተኛው ቀን ሌላ ልጅ ከሥሩ "አጎቴ ነው ቅዳሜ ቤት አለ ና ልውሰድህ፣ 11ቢ" ብላ መልሳለታለች፣ ሄዶ እንደሆነ አላጣራሁም። አሁን ወረቀቱ ሞልቶ ሁለተኛውን ለጥፌያለሁ። የመጀመሪያውን ስካን አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፣ ቦታ ካላችሁ አውጡት፣ "አባቴ ይተኛል" የሚለውን ግን ሸፍኑልኝ፣ ሰውየው ደንበኛዬ ነው።

አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከቱሉ ዲምቱ